መልስ፦ «ልጅ ሳይኖርሽ እዚህ ሥራ ውስጥ ምን ከተተሽ?»

ጥያቄህ አላስቀየመኝም ወንድሜ። እንደ እኔ ሕፃናትን ከወሲባዊ ጥቃት በመጠበቅ ላይ የምትሠራ ሴት ሁሉ «እሷም ደርሶባት ይሆናል» ተብላ ትጠረጠራለች። በእኔ አልደረሰም። ቢደርስብኝም ለማንም የመናገር ግዴታ የለብኝም (ይሄ ለሌሎቹም ጠያቂዎች ነው)።

እኔን ያስገባኝ ንዴት ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሳለን አንዲት የጎረቤት ልጅ ስኳር ግዢ ተብላ ስትላክ ደጃፋችን ያለውን ሱቅ አልፋ፣ በዚያ ፀሐይ አስፋልት ተሻግራ ነበር የምትገዛው። ዘገየሽ ተብላ ትገረፋለች እንጂ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ኋላ ባለሱቁ ያደርስባት የነበረው ጥቃት ሲወጣ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ በርጫው ላይ ካሳ ተቆርጦ «የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ ታለፈ። የማን ስም እንደተጠበቀ አንተው ፍረድ።

ሕጉ እኮ ግልጽ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 መሠረት ዕድሜዋ 13 ዓመት ካልሞላ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በካሳ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ደግሞ ሽምግልናው ሲጎተት ሌላም ነገር ያመልጣል፦ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ስለዚህ ለወላጆች አስቀድሜ የምነግራቸው፣ ማስረጃ እንዳይጠፋ ልጁን ሳያጥቡ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ በቀጥታ ሐኪም ቤት እንዲወስዱ ነው።

አንተም ልግባ ካልክ በአካባቢህ ካለ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ጀምር። ክፍያ ግን አትጠብቅ።