መልስ፦ «ዱን» ላይ ካይንስን ሴት ማድረጋቸው ምን ይሉታል?
ወንድሜ፣ «ዱን» የተባለው የሳይንስ ልቦለድ መጽሐፍ ላይ ወንድ የሆነው የበረሃዋ ፕላኔት ተመራማሪ ካይንስ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ለምን ሴት ሆነ ብለህ ተበሳጭተሃል። እኛም እዚህ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ በዚሁ ተጨቃጭቀናል። ለእኔ ተዋናይቷ ሻሮን ደንከን-ብሩስተር አሳምራ ሠርታዋለች። የካይንስ ጣጣ እኮ ፆታ አይደለም፤ ለንጉሠ ነገሥቱ እየሠራ ልቡ በረሃው ጋ መሆኑ ነው። እሷ ይህን በዓይኗ ብቻ ታሳይሃለች። ከኋላ ተወግታ፣ አሸዋውን በጡጫ እየደበደበች ግዙፉን የአሸዋ ትል ስትጠራው አላየህም እንዴ? (በ1984ቱ ፊልም ካይንስን የሠራው ማክስ ፎን ሲዶም ትልቅ ተዋናይ ነበር፤ ግን ብዙ ቦታ አልሰጡትም።)

እኔ ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጽሐፉ ላይ የበረሃዋ ወጣት ቻኒ የካይንስ ልጅ ናት። ፊልሙ ይህን ዝም ብሎ አለፈው። እናትና ልጅ ቢያደርጓቸው ምን የመሰለ ትዕይንት ይወጣው ነበር!