የዝናቡ ሠንጠረዥና የልደቱ መዝገብ

ጥያቄ፦ ከጅማ ከተማ ብዙም በማይርቅ ወረዳ የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። የወረዳችንን ዓመታዊ መረጃ ለተማሪዎቼ መለማመጃ ለማድረግ የዝናቡን መጠንና የልደቱን ብዛት ወር በወር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ የልደቱ ቁጥር በሐምሌና በነሐሴ በእጅጉ ዝቅ ይልና በጥርና በየካቲት ከፍ ይላል። ተማሪዎቼ «ዝናብ ሲበዛ የሚወለድ ልጅ ይቀንሳል ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የቀነሰው ልደቱ ሳይሆን ምዝገባው ይመስለኛል። በመዝገቡ ላይ ልጁ የተወለደበት ቀንና ልደቱ የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ይሰፍራሉ፤ ወርኃዊ ሪፖርት ሲጠናቀር ግን የሚደመረው በዚያ ወር የተመዘገበው ሊሆን ይችላል። በጅማ አካባቢ በልግና ክረምቱ ተያይዘው የሚዘልቁና በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድ በመሆኑ፣ በነሐሴ ጭቃ ጨቅላዋን አዝላ፣ የሞላ ወንዝ ተሻግራ ቀበሌ ድረስ የምትመጣ እናት ብዙ አትሆንም። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥና መንገዱ ሲደርቅ ግን ለሌላ ጉዳይ የመጣ ቤተሰብ የልጁንም ልደት አስመዝግቦ ይመለሳል።

እውነተኛ የወቅት ልዩነት ቢኖር እንኳ የሐምሌን ልደት ከሐምሌ ዝናብ ጋር ማወዳደር አይበቃም፤ በሐምሌ የተወለደ ልጅ የተፀነሰው በጥቅምት ገደማ፣ ሰዉ ቡና ለቀማ ላይ በነበረበት ጊዜ ነውና።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ነገር የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የልደት መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ የሜትዮሮሎጂ ሠንጠረዥ ግን በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይሄዳል። ስለዚህ በመስከረም 2016 የተወለደ ልጅ የሚውለው በ2023 ዝናብ ሥር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጥር የተወለደው ደግሞ በ2024 ሥር ነው፤ ዓመቱን በጅምላ 7 ወይም 8 ደምሮ ማዛመድ ሠንጠረዡን ያዛባል። በአካባቢያችን ደግሞ የልጁ ቀን «በረመዳን አጋማሽ» ወይም «ከዓረፋ ማግስት» እየተባለ ይታወሳል። የሒጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከእኛው ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል፤ የዘንድሮው ረመዳን የዋለበትን ወር ለአምስት ዓመት ልጅ ቢሰጡት ቀኑ በሁለት ወር ገደማ ይሳሳታል። ይህ ስሕተት የልጁ የልደት ቀን ሆኖ ዕድሜ ልኩን አብሮት ስለሚኖር በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ወላጆች የክትባት ካርዱን እንዲያስተውሉ አጥብቄ እመክራለሁ። የ10ኛው ሳምንት ክትባት የሚውለው በ70ኛው ቀን በመሆኑ ጊዜ አለ፤ የ14ኛው ሳምንት ግን 98ኛው ቀን ስለሆነ ገደቡ አልፏል። በሰኔ መጀመሪያ የተወለደ ልጅ ደግሞ 90ው ቀን የሚያልቅበት ዝናቡ ሳያባራ ነው። ስለዚህ እናቲቱ በ10ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ በሄደችበት ቀን የልደት ማሳወቂያውን ይዛ ወደ ቀበሌው ጎራ ብትል በዚያ ጭቃ ሌላ ጉዞ ይቀርላታል።

ለተማሪዎችዎ ልምምድ የሰዎቹ ስም ሳይወጣ የሁለቱን ቀኖች ዓምድ ብቻ ከመዝገቡ እንዲሰጥዎ ወረዳውን ይጠይቁ። አንዱን ግራፍ በተወለዱበት ወር፣ ሌላውን በተመዘገቡበት ወር ያሠሯቸው፤ ከዚያም ከልደት እስከ ምዝገባ ያለፉትን ቀናት አስልተው ከ90 ያለፉት በየትኛው ወር የተወለዱት እንደሆኑ ይቁጠሩ። የሰኔና የሐምሌ ልጆች በርክተው ከተገኙ ዝናቡ የከለከለው መወለዱን ሳይሆን ቀበሌ መድረሱን እንደሆነ ተማሪዎችዎ ከራሳቸው ቁጥር ያነቡታል።