ዳገቱ ሳይደርስ ያለቀ ጉልበት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተሳትፌያለሁ። ዕቅዴ 10 ኪሎ ሜትሩን በ55 ደቂቃ መጨረስ ነው። ባለፈው ውድድር የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ4 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ሮጥኩ፤ በጣም ቀሎኝ ነበር። ዳገቱ ላይ ግን እግሬ ታሰረ፤ በ59 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገባሁ። ልምምዴ አንሶ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልምምድዎ አላነሰም፤ አከፋፈሉ ነው የተበላሸው። 55 ደቂቃ ማለት በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች አንድ ደቂቃ ተኩል አተረፉ። ቀሪውን 8 ኪሎ ሜትር በአማካይ በ6 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ስለሮጡ ግን 6 ደቂቃ ያህል ከሰሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከአቅም በላይ ሲፈጥኑ ጡንቻ ያለ በቂ ኦክስጅን ኃይል ማመንጨት ይጀምራል፤ እግር የሚታሰረው ያኔ ነው። ቆላ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ቢሉ ይለቅዎታል። እዚህ ግን እየሮጡ ማገገም እጅግ ይዘገያል፤ ዳገት ሲጨመርበት ጭራሽ አይገኝም።

ቀሎኝ ነበር ማለትዎ ትክክል ነው፤ አሳሳቹም እሱ ነው። ያረፈ እግር፣ ሙዚቃውና የሕዝቡ ጩኸት አሉ፤ ትንፋሽ ደግሞ የፍጥነቱን ዋጋ የሚናገረው ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር «ዘገየሁ» እስኪያሰኝዎ ድረስ ይለዝብ። በ5 ደቂቃ ከ40 ይሩጡት፤ ሰው ለማለፍም ግራና ቀኝ አይሹለክለኩ፣ ጉልበት ይበላል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በ5 ከ30 ይያዙ። ዳገት ላለባቸው ሦስት ኪሎ ሜትሮች በአማካይ 5 ከ40 ይፍቀዱላቸው፤ ቀጣዮቹን ሁለት በ5 ከ20 ይሩጡ። 8ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓትዎ 44 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ካለ፣ ለቀሪው 2 ኪሎ ሜትር 10 ደቂቃ ከ40 ይተርፍዎታል። የዳገቱ ቦታ እንደ መንገዱ ስለሚለያይ ካርታውን አስቀድመው አይተው ቁጥሮቹን ያሸጋሽጉ።

ዳገቱ ላይ ሰዓት አይዩ። እርምጃ ያሳጥሩ፣ እጅዎን ጠበቅ አድርገው ያወዛውዙ፤ ሦስት አራት ቃል አከታትሎ መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ቁልቁለቱን በተረከዝ ፍሬን እየያዙ አይውረዱ፤ ጭንን ይጎዳል። በአጭርና በፈጣን እርምጃ ይልቀቁት።

ይህ ልክ በልምምድ እንጂ በውድድር ቀን አይመጣም። በሳምንት አንድ ቀን፣ 15 ደቂቃ ሶምሶማ ከሮጡ በኋላ 800 ሜትር ስድስት ጊዜ ይሩጡ፤ እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይሁን፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ ሶምሶማ። የመጀመሪያው በ4 ከ05፣ የመጨረሻው በ4 ከ40 ከሆነ ልምምዱ አልተሳካም፤ ቢያደክምዎትም አልተሳካም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰዓቱን በእጅጌ ሸፍነው ይሩጡና ግምትዎን ይፈትኑ። ሌላ ቀን የአንድ ደቂቃ ዳገት ስምንት ጊዜ፣ እየተራመዱ በመውረድ። የቀሩት ቀናት ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ የሚሮጡባቸው ይሁኑ። ብዙ አማተር ሯጮች ቀላሉን ቀን እያፈጠኑ ለከባዱ ቀን ደክመው ይደርሳሉ፤ እኛ ደጋግመን የምናየው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ማራቶኔን ግማሹን በ2 ሰዓት አልፌ በ4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ጨረስኩ። ከ32ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አብዛኛውን በእርምጃ ነው የሄድኩት። በ4 ሰዓት ከ15 መግባት እፈልጋለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ 4 ሰዓት ከ15 በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ነው፤ እርስዎ የጀመሩት በ5 ከ41 ነበር። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሰውነት ከስብ ይልቅ በጡንቻና በጉበት የተከማቸውን ስኳር (ግላይኮጅን) ይፈጃል። እሱ ሲያልቅ ደግሞ ወኔ አይተካውም። ግማሹን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይለፉ። አትሌት ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የመጀመሪያውን ግማሽ በ1:06:20፣ ሁለተኛውን በ1:05:33 ነበር የሮጠችው።

ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚሸጥ ዝልግልግ የሯጮች ጣፋጭ) ከ40ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየ30 ደቂቃው አንድ ይውሰዱ። አንዱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ስላለው በሰዓት ከ40 እስከ 50 ግራም ያገኛሉ። በውኃ ብቻ ይዋጡት፤ ከጣፋጭ የስፖርት መጠጥ ጋር ከተደባለቀ ሆድ ያውካል። በረጅም ልምምዶችዎ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይሞክሩት ለውድድር አይያዙት። ዋዜማውን እንጀራ በምስር ወጥ ይቅርብዎ፤ አሰሩ ብዙ ነው፣ ጠዋት ሆድ ይነፋል። ሩዝ ወይም ፓስታ ይሻላል።

አንድ ነገር እንጨምር። የውድድር መንገድ የሚለካው በአጭሩ መስመር፣ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስለሆነ የእጅ ሰዓትዎ መጨረሻ ላይ በ42.195 ፋንታ 42.7 ኪሎ ሜትር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱ ላይ 5 ከ58 ይያዙ፤ የደረሱበትን ጊዜም ከመንገዱ ዳር ምልክቶች ጋር ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ እዚህ 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ እሮጣለሁ። አዲስ አበባ የምደርሰው ከውድድሩ 3 ቀን በፊት ነው። በስንት ልሩጥ? (ከዱባይ)

መልስ፦ በ3 ቀን ከፍታ አይለመድም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይጨምሩ፤ በ5 ከ30 ቢጀምሩ ይመረጣል። እስከዚያ ከ30 ደቂቃ ሶምሶማ በላይ አይሩጡ፣ ውኃ አዘውትረው ይጠጡ። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ቢረበሽ አይደንግጡ። ራስ ምታቱ ጸንቶ ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት ግን አይሩጡ።