ቮልቱ 13፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

አንድ የአዳማ ሚኒባስ ሹፌር እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ባትሪዬ አድሮ በቴስተር 13.0 ቮልት ያሳያል። ጠዋት ግን ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) አቃስቶ ይቆማል። ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ አስቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ በፊት ውሃው ጎድሎ ጋራዥ ሞልተውልኝ ነበር።»

ወንድሜ፣ እኔ የጠረጠርኩት ያንን «ውሃ» ነው። አሲድ ነው የሞሉልህ። ጤነኛ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያድር 12.6 ወይም 12.7 ነው የሚያሳየው።

ይህን ሹፌር ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ባትሪህ ሴል የሚባሉ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ መጽሐፍ የአንድ ሴል ቮልት 2.05 ገደማ ነው ይላል። ያ በ25 ዲግሪ፣ አሲዱም ውሃውም ለስሌት በተወሰነላቸው ደረጃ ላይ ሲሆኑ ነው። ባትሪህ ውስጥ እንዲያ አይደለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ኔርንስት እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ የአሲዱ አክቲቪቲ (ውጤታማ መጠኑ) ከውሃው አንጻር 10 እጥፍ ሲያድግ ሴሉ 0.059 ቮልት ይጨምራል። በስድስት ሴል 0.35 ገደማ መሆኑ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሎጋሪዝም የሚያሰላ የለም፤ የአሲዱን ውፍረት የሚለካው ሃይድሮሜትር ንባብ ላይ 0.84 ደምረን የሴሉን ቮልት እናገኛለን። 1.265 ከሆነ 2.105፣ በስድስት ሲባዛ 12.63 ይመጣል። ያንተን ወደ ኋላ አስላው፦ 13.0 ለስድስት 2.167፣ 0.84 ሲቀነስ 1.327። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው፤ ፕሌቱን፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ ያለውን የእርሳስ ሳህን፣ ይበላል። ቮልት የአሲዱን ውፍረት እንጂ ስንት ፕሌት በሕይወት እንዳለ አይነግርህም። ቡናው መክበዱ ጀበናው ውስጥ ስንት ስኒ እንደቀረ አይናገርም።

በአዳማ ሙቀት የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው ይቀራል። ታዲያ አሲድ መጨመር ምን የሚሉት ሥራ ነው?

መጀመሪያ መነጽር አድርግ። ባትሪውን ቻርጅ አድርገህ ስድስቱንም ሴል ለካ። ርካሹን ሃይድሮሜትር አትመነው፤ ተንሳፋፊው ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ነካ ነካ እያደረግህ አንብብ። ሁሉም ከ1.30 በላይ ከሆነ ከየሴሉ ትንሽ አሲድ ሳብ፣ በዲስቲልድ ውሃ ተካው፣ እንደገና ቻርጅ አድርገህ ለካ። 1.26 አካባቢ ሲደርስ አቁም። ሲጋራና ብልጭታ አይጠጋ፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሲፈነዳ አሲዱ ፊትህ ላይ ነው። መነጽሩን አታውልቅ!

አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.05 ከራቀ ወይም ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪው አልቋል፤ ቀይረው። የድሮው ዲናሞ ግን ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ጋራዡ ካልሸጠው ተቀበላቸው።