ለማላስታውሰው አባቴ ማዘን ይገባኛል?

ከአዳማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ላሳጥረው። አባትሽ ወደ ግንባር ሲዘምቱ አንቺ የጥቂት ወራት ሕፃን ነበርሽ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት፣ መጋቢት 1991 በፆሮና ውጊያ ተሰዉ፤ መርዶው ግን የደረሰው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። እናትሽ ሌላ ትዳር መሠረቱ፤ ለቁም ነገር ያበቁሽም የእንጀራ አባትሽ ናቸው። አሁን ልታገቢ ነው። በሠርግሽ ላይ የአባትሽን ፎቶግራፍ አስቀምጣለሁ ስትዪ እናትሽ «ያለፈውን ምን ያስቆፍርሻል!» ብለው ተቆጡ፤ የእንጀራ አባትሽ ዝም አሉ፤ የአባትሽ እህት ደግሞ «ድሮም ረስታዋለች» እያሉ ያባብሳሉ። አንቺም «ለማላስታውሰው ሰው ማልቀስ ይገባኛል?» ትያለሽ።

አዎን፣ ይገባሻል። ወላጁን በሕፃንነቱ ያጣ ሰው ሐዘኑ በምረቃው፣ በሠርጉ፣ የመጀመሪያ ልጁን ሲያቅፍ እየተመለሰ ይመጣበታል። ደግሞስ ሽማግሌ ሲላክ «የማን ልጅ ናት?» ይባል የለም? ከስምሽ ቀጥሎ በየቀኑ ስማቸው የሚጠራ ሰው እንዴት እንግዳ ይሆንብሻል?

ይበልጥ ያሳሰቡኝ እናትሽ ናቸው። አስከሬን አላዩም፣ አልቀበሩም። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ጉዳይ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ የተመለከቱት ይህንኑ ነው፤ መጨረሻው ያልታየ ሞት ሐዘንንም ደስታንም ያንጠለጥላል። በእኛም አገር ከታኅሣሥ 1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት በኋላ ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ሲመለሱ «ምናልባት እርሱም» እያለች በር በሩን ያየች ሚስት ጥቂት አልነበረችም። እናትሽም ሳይጠብቁ የቀሩ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ማግባት ደግሞ ማንም ሳይናገር ራስን ያስወቅሳል። ስለዚህ ቁጣቸውን እንደ መርሳት አትቁጠሪው።

ፎቶግራፉ በሠርጉ ዕለት እንዲቆም እኔ አልመክርም። ያ ቀን ያሳደጉሽ አባትም ቀን ነው። ከሠርጉ ቀደም ብሎ፣ እንደ ሃይማኖታችሁ ሥርዓት፣ ጎረቤትና ዘመድ የሚቀመጥበት መታሰቢያ በቤታችሁ ይደረግ። ግን ከማንም በፊት የእንጀራ አባትሽን ብቻቸውን አነጋግሪ። «አባዬ፣ አንተን የሚተካ አልፈልግም፤ የወለደኝን ሰው ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» በያቸው። ዝምታቸው ቅያሜ ነው ወይስ ፍርሃት የሚለውን ያኔ ታውቂዋለሽ። እኔ ፍርሃት ነው ባይ ነኝ።

እናትሽን ስለ አሟሟታቸው አትጠይቂ። ስለ ኑሯቸው ጠይቂ፤ የት ተዋወቃችሁ? ምን ያስቀው ነበር? ስሜን ማን አወጣልኝ? ቡና ሲፈላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል። ካለቀሱ አታባብዪ፣ ዝም ብለሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። «በቃኝ» ካሉ ተዪው፣ ሌላ ቀን አለ። ይህ ወሬ ከተነሣ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥተው ወይም ምግብ ጠልተው ሳምንታት ካለፉ፣ ሆስፒታል ወደሚገኘው የአእምሮ ጤና ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ።

አክስትሽንም አትራቂ። የአባትሽን ልጅነት፣ ምናልባትም ከግንባር የላኩትን ደብዳቤና አብረዋቸው የዘመቱ ጓደኞቻቸውን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ሂጂና እንዲያጫውቱሽ ለምኛቸው፤ በእናትሽ ላይ ክፉ ቃል የተነሣ ዕለት ግን ተነሥተሽ እንደምትሄጂ አስቀድመሽ በአክብሮት ንገሪያቸው።