አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ በጀርባ የሚታዘል ሄሊኮፕተር

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ በጀርባ ስለሚታዘልና በቤት ስለሚሠራ ሄሊኮፕተር ናቸው። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ሦስት የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ነን። አንድ ሰው የሚያነሳ፣ በጀርባ የሚታዘል ሄሊኮፕተር ለመሥራት ተነስተናል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ የ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ሞተር በጥሩ ዋጋ አግኝተናል። ሻጩ 15 ፈረስ ጉልበት አለው ይላል። ይበቃናል? (ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ አይበቃችሁም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ሥሩት።

አብራሪው 70 ኪሎ፣ መሣሪያው 60 ኪሎ፣ ቤንዚኑ ከነታንከሩ 10 ኪሎ ቢሆን በጠቅላላው 140 ኪሎ ነው፤ በኒውተን 1,373። የሮተሩ፣ ማለትም ከላይ የሚዞሩት ክንፎች፣ ዲያሜትር 5 ሜትር ቢሆን የሚጠርገው ስፋት 19.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ተንሳፎ ለመቆም የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ክብደቱን በራሱ ስኩዌር ሩት ታበዛላችሁ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ የአየሩ ክብደት ሲበዛ በሮተሩ ስፋት ለሚሰጠው ቁጥር ስኩዌር ሩት ታካፍሉታላችሁ።

አዲስ አበባን ከሌላው የሚለያት የአየሩ ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። በእኛ 2,350 ሜትር ከፍታ፣ በ22 ዲግሪ ሙቀት 0.91 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌቱ 8.5 ኪሎ ዋት ይሰጣችኋል። ይህ እንከን ለሌለው ሮተር ነው። በእጅ የተሠራ ጥሩ ሮተር ከሚሰጡት ኃይል 60 በመቶውን ቢጠቀም ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ 14.2 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 19 ፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ቺንጋና ማርሽ 5 በመቶ ይበላሉ። ለመውጣት፣ ድንገተኛ ንፋስን ለመቋቋምና ለስህተት ደግሞ 30 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ድምሩ 26 ፈረስ ጉልበት ይመጣል።

ሁለተኛው ቅጣት በሞተሩ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከተጻፈለት ጉልበት 71 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። የእናንተ 15 ፈረስ እዚህ ከ11 በታች ነው። 26 ለማግኘት ፋብሪካው 37 ያለው፣ ለጥንቃቄ 40 የተጻፈበት ሞተር ትፈልጋላችሁ። ሮታክስ 447 የተባለው ባለ ሁለት ምት ሞተር በ6,500 ዙር 40 ፈረስ ገደማ አለው፤ ከነጭስ ማውጫው ግን 30 ኪሎ ያልፋል፣ ያም ከ60 ኪሎው ግማሹ ነው። የባጃጅ ሞተር በጉልበት አይደርስም። አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ ለተባለች አውሮፕላኑ የተጠቀመበት ዓይነት የፎልክስዋገን ቢትል ሞተር ክንፍ ላለው አውሮፕላን ያገለግላል፤ ለጀርባ ግን ከባድ ነው።

ካርቡሬተሩ ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ጄቱን፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ፣ ባነሰ ቁጥር ቀይሩ። በዚያው ጄት መተሐራ ወርዳችሁ ብታስነሱት ግን ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ዝቅ ወዳለ ቦታ ስትሄዱ ትልቁን ጄት መልሱ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በ50 ለ1 የሚቀላቀል ከሆነ ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ነው። በዓይን ግምት አትጨምሩ፤ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩ።

የኤሌክትሪክ ሞተርንም አስቡበት፤ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ክብደቱ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ለ10 ደቂቃ 15 ኪሎ ዋት ማለት 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 20 በመቶ መጠባበቂያ ትታችሁ፣ በኪሎ 160 ዋት ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ብታሰሉት 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለሙከራ መቆሚያ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ቶርኖ ቤት አለኝ። ልጆች መጥተው የሄሊኮፕተር ሮተር ማዕከልና የክንፍ መያዣ አውጣልን አሉኝ። ከመኪና አክስል ብረት ቆርጬ ልሠራላቸው እችላለሁ? ክንፉን ከባሕር ዛፍ ሊጠርቡ ነው። (ከመርካቶ)

መልስ፦ ከሥራው በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ያ ቁራጭ ብረት የሚይዘውን ጭነት እንንገርዎ። አንዱ ክንፍ 2.5 ሜትር ርዝመትና 2.5 ኪሎ ክብደት ይኑረው፤ በደቂቃ 600 ዙር ይዙር። ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል 12,300 ኒውተን፣ ማለትም ከአንድ ቶን ሩብ በላይ ነው። ያውም አንድ ጊዜ ተጎትቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እየተለመጠ ነው። ብረት በእንዲህ ያለ ሥራ የሚሰበረው ስለሚደክም ነው እንጂ ጭነቱ ስለበዛበት ብቻ አይደለም። ስንጥቁ ከቡሎን ቀዳዳ ጠርዝ ወይም ከብየዳ ሥር ይጀምራል፤ ከውጭ ሳይታይ ያድጋል።

ስለዚህ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነና በምን ሙቀት እንደተሠራ የማይታወቅ ያገለገለ አክስል ለዚህ አይሆንም። ፌሮ ፈጽሞ አይታሰብ። የፋብሪካ የጥራት ወረቀት ያለው 4130 ብረት ወይም 7075 አሉሚኒየም ያስፈልጋል። የመጎተት ውጥረቱን በካሬ ሚሊ ሜትር ከ100 ኒውተን በታች ያድርጉት። ለምሳሌ 8 ሚሊ ውፍረትና 30 ሚሊ ስፋት ያለው ማሰሪያ ላይ 12 ሚሊ ቀዳዳ ቢበሱ የሚቀረው 144 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ውጥረቱ 86 ይሆናል፣ ይሄዳል። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ብቻ አይተዉት፤ በማስተካከያ አለስልሰው ጠርዙን ያድቡሉት። ጥጉን ሁሉ ቢያንስ በ3 ሚሊ ራዲየስ ያዙሩት፤ በቶርኖ ምላጭ የተተወ ስል ጥግ ራሱ የስንጥቅ መነሻ ነው። ጭነት በሚሸከመው ክፍል ላይ ብየዳ አይኑር። ቡሎኑ ራሱ ላይ ቢያንስ 8.8 የተጻፈበት ይሁን፤ ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ አይግባ፤ ዳዶውም በሽቦ ይታሰር።

ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም ለክንፍ አይመችም። ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው፣ በደንብ የደረቀ እንጨት በቀጫጭን ጣውላ ተደራርቦ በኢፖክሲ ይጣበቅና በፋይበር ግላስ ይሸፈን። በላይኛው ጥያቄ ላለው ክብደት ሁለት ሮተር፣ እያንዳንዱ ሁለት ክንፍ ቢኖረው የክንፉ ስፋት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። የክንፉ የስበት ማዕከል ከፊት ጠርዙ ከስፋቱ ሩብ፣ ማለትም ከ2 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ማለፍ የለበትም። እንጨት ብቻውን ወደ ኋላ ስለሚያደላ የፊት ጠርዙ ውስጥ የብረት ዘንግ ይቀበራል። ይህ ከተረሳ ክንፉ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ጨርቅ ይርገበገብና በሰከንዶች ውስጥ ይበጣጠሳል።

ባላንሱ እንዲህ ይሠራል። ክንፎቹን አንድ በአንድ በ1 ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዝኑ። እያንዳንዱን በቢላ ስለት ላይ አጋድመው ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ የነጥቦቹ ልዩነት ከ1 ሚሊ አይብለጥ። ቀለም ከተቀቡ በኋላ ይድገሙት፤ ቀለምም ይመዝናል። ጫፉ ላይ የቀረች 10 ግራም ልዩነት፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በ600 ዙር ምሰሶውን በሰከንድ አሥር ጊዜ ወደ 10 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ትወዘውዘዋለች።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ጀርባዬ ላይ ሆኖ አንድ ሮተር ብቻ ቢያዞር ምን ችግር አለው? በቪዲዮ ያየሁት የጃፓን ሄሊኮፕተር ጅራት የለውም። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ያዩት የገናይ ያናጊሳዋ ጄን ኤች-4 ይመስለናል። ጅራት ባይኖረውም ሮተሩ ሁለት ነው፤ 4 ሜትር ዲያሜትር ያላቸው፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው 10 ፈረስ ጉልበት ያላቸው አራት 125 ሲሲ ሞተሮች ያዞሯቸዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ሦስቱ ይቀራሉ።

አንድ ሮተር ብቻ ከሆነ ሞተሩ ሮተሩን ባዞረ መጠን እርስዎን ወደ ሌላው ጎን ያዞርዎታል። ከላይ ባሰላነው መሣሪያ ይህ ኃይል 225 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የቤት መኪና ጎማ ቡሎን ለማጥበቅ ከሚያስፈልገው ሁለት እጥፍ። እግርዎ መሬት ሲለቅ የሚይዝዎ ነገር የለም። ሁለት ሮተር ያንን ይሽረዋል፤ አቅጣጫ ለመቀየርም የአንዱን ጉልበት ከሌላው በጥቂቱ ማሳነስ ይበቃል። ሞተሩ በ6,500፣ ሮተሩ በ600 ስለሚዞር 10.8 ለ1 መቀነሻ ያስፈልጋል። በአንድ ደረጃ ይህን ለማግኘት ትንሿ ፑሊ በጣም ትጠብና ቺንጋው ያመልጣል፤ በሁለት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 3.3 ለ1 ይሁን።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር እየሠራ ነው። ከምንኖርበት ሕንጻ ጣሪያ ላይ ተነስቼ ሜዳ ላይ በእግሬ አርፋለሁ ይላል። ሞተሩ ቢጠፋም እንደ ጃንጥላ ቀስ ብሎ ያወርደኛል አለኝ። እውነት ነው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህታችን፣ እባክዎን ያስቁሙት፤ ለምን እንደሆነም ያስረዱት፣ ቁጥር ይገባዋል።

ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች ሞተር ሲጠፋ ከታች የሚመጣው አየር ሮተሩን እያዞረው ይወርዳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ለዚያ ግን አብራሪው የክንፎቹን ዘንበል፣ ማለትም አየሩን የሚቆርጡበትን አንግል፣ ወዲያው መቀነስ መቻል አለበት። የክንፉ ዘንበል የማይቀየር መሣሪያ ይህን ማድረግ አይችልም። የሚቀየር ቢሆን እንኳ ቀላል ክንፍ ያጠራቀመው ጉልበት ትንሽ ነው፤ አራቱ 2.5 ኪሎ ክንፎች ሞተሩ በጠፋ በ1 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከፍጥነታቸው አምስተኛውን ያጣሉ። ከዚያ በኋላ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቆማል፤ መልሶ የሚያስነሳው ነገር የለም። ፓራሹትም በዚያ ከፍታ ለመዘርጋት ጊዜ አያገኝም፤ በላዩም የሚዞር ሮተር አለበት።

በእግር ማረፍ የተሞከረ ነገር ነው። ሆረስ ፔንተኮስት በ1945 በአሜሪካ ሆፒኮፕተርን ሲሠራ አብራሪው በጀርባው ታጥቆት በእግሩ እንዲያርፍ አስቦ ነበር። አልሆነም፤ የኋለኛው ሞዴል መቀመጫና የራሱ ማረፊያ ተደረገለት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሰው 60 ኪሎ አዝሎ አንድ እርምጃ ቢደናቀፍ ጎንበስ ይላል፣ ሮተሩም አብሮት ጎንበስ ይላል፤ ጫፉ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር እየሄደ መሬት ይመታል። ከ3 ሜትር ብቻ ቢወድቅ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር መሬት ይደርሳል፤ የጀርባው ብረት ደግሞ ከላይ ይጫነዋል። ወንድምዎ ጎበዝ ሠራተኛ ከሆነ ማንጠልጠያውን ይተውና መቀመጫና አራት እግር ያለው መቆሚያ ይሥራ።

ጥያቄ፦ ሠርቼ ብጨርስ የት ልሞክረው? አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ያበራሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ የአሜሪካው ደንብ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ በታች የሆነ፣ ከ19 ሊትር ያልበለጠ ነዳጅ የሚይዝና በሰዓት ከ102 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የአንድ ሰው መሣሪያን ያለ አብራሪ ፈቃድ ይፈቅዳል። እዚያም ቢሆን በሰው መኖሪያ ላይ ማብረር ክልክል ነው። እዚህ ደግሞ ሰው የሚያነሳ ማንኛውም ነገር ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ አይነሳም፤ ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ማኮብኮቢያ ያለውም ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሥዕሉን ይዘው ሥራውን ሳይጀምሩ ይሂዱ።

ሰው ሳይኖርበት ሮተሩን መሞከር ግን ይችላሉ፤ መማሪያውም ይኸው ነው። መሐል ከተማ ያለ ግቢ አይበቃም፤ የተበጠሰ ክንፍ በሰከንድ 157 ሜትር ይወጣል። ከከተማ ውጭ፣ በኮንክሪት የተተከለ ወፍራም የብረት ምሰሶ ላይ ይሰሩት፤ ዙሪያውን በአሸዋ ጆንያ ይክበቡት። ማንም ሰው በሮተሩ ደረጃ ትይዩ አይቁም፤ ማጥፊያው በረዥም ሽቦ ይሁን። ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምሩ፤ በ10 ዲግሪ ያለው አየር ቀን በ25 ዲግሪ ካለው 5 በመቶ ይከብዳል፣ ንፋሱም ገና አልተነሳም። ለንጽጽር እንዲያመች ሙቀቱን ሁልጊዜ ይመዝግቡ።

መጀመሪያ በ200 ዙር 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በ400፣ ከዚያ በ600። በየደረጃው ያጥፉና ቡሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ ይፈትሹ። የክንፎቹን ጫፍ በተለያየ ቀለም ቀብተው በስልክ ካሜራ ከርቀት ይቅረጹ፤ ሁለቱ ቀለሞች በአንድ መስመር ካልዞሩ አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ እየበረረ ነው፣ ዘንበሉ ይስተካከል። ከሥሩ የተንጠልጣይ ሚዛን አስረው የሚያነሳውን ኪሎ ያንብቡ፤ ከተሰቀለው መሣሪያ ክብደት ጋር ተደምሮ 140 ካልሞላ የስሌቱን ስህተት አገኙ ማለት ነው። በመጨረሻ በ720 ዙር 5 ደቂቃ ያዙሩት፤ ጉተታው በ44 በመቶ ይጨምራል። ከዚያ ማዕከሉን ፈትተው በቤንዚን አጥበው ያድርቁት፤ ስንጥቅ መፈተሻ ቀይ ፈሳሽ ይቀቡት፣ መመሪያው የሚለውን ያህል ቆይተው ይጥረጉት፣ ነጩን ዱቄት ይንፉበት። ከቀዳዳው ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ከወጣች ያ ቁራጭ ለሌላ ሥራ እንዳይውል ለሁለት ይቁረጡት።