መልስ፦ ግዙፍ የወርቅ ሳንቲም ለማስታወቂያ ያዋጣል?

«100 ኪሎ የሚመዝን የወርቅ ሳንቲም ሠርቶ ማሳየት ገንዘብ ማባከን አይደለም ወይ?» ላልከው፣ እኔ አይመስለኝም። ለተራ ማስታወቂያ የከፈልከው ገንዘብ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ወርቁ ግን ወርቅ ነው፤ ሲያስፈልግ አቅልጦ መሸጥ ይቻላል። የማይመለሰው የሥራው፣ የጥበቃውና የኢንሹራንሱ ወጪ ነው።

አንተ ያልከው የካናዳው ነው። የካናዳ መንግሥት ሳንቲም ማምረቻ የሆነው ሮያል ካናዲያን ሚንት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያወጣው ሐሳቡ 99.999 በመቶ ንጹሕ የሆኑትን ባለ አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ሳንቲሞቹን ማስተዋወቅ ነበር። የጎን ለጎን ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው 1 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለስሙ ያህል ነው፤ ወርቁ ያኔም ቢሆን ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር። የሚገርመው፣ ለእይታ ብለው ለሠሩት ነገር ገዢ መጣለት!

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። «የዓለም ትልቁ» የሚለው ወሬ የሚሠራው የሚበልጠው እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። የአውስትራሊያው ሳንቲም ማምረቻ ፐርዝ ሚንት እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ቶን የሚመዝን ሠርቶ ክብረ ወሰኑን ነጠቀ። ብልህነታቸው ግን ሳንቲሙን ጎብኚ እንዲያየው ማድረጋቸው ላይ ነው። ዜናው ቢቀዘቅዝም ሰው ይመጣል።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዓይነት ከተሠሩት ግዙፍ የካናዳ ሳንቲሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 በርሊን ካለው ቦደ ሙዚየም በሌሊት ተሰርቋል። ሌቦቹ በእጅ ጋሪ ነው የወሰዱት! ሰዎች ተፈርዶባቸዋል፣ ወርቁ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። በእኔ እይታ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ስሙን ያስጠራው ይሄ ስርቆት ነው።